አርተር ሚለር እና የሻጩ ሕልም

በዘመናዊ ተውኔት ትምህርት ስማቸው ሳይነሣ ከማይታለፉ ጸሐፍት አንዱ አሜሪካዊው አርተር ሚለር ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ለፈተና ባጠናነው በአንድ ሥራው፣ በ«የሻጩ ሞት» ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት ከዚህ ተውኔት ጋር አያይዤ ለመቃኘት እሞክራለሁ። ዋናው ጥያቄዬም አንድ ነው፤ የአባትና የልጅን ነገር እንዲህ አጥብቆ የጻፈ ሰው በገዛ ቤቱ እንዴት ያለ አባት ነበር? (ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚለር የተወለደው ኦክቶበር 17 ቀን 1915 ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሐርለም በሚባለው ሰፈር ነው። አባቱ ኢሲዶር፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ከሚገኝ፣ በዚያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሥር ከነበረ አካባቢ በልጅነቱ የመጣ አይሁዳዊ ነበር። ይህ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የሴቶች ካፖርት እያሰፋ በመሸጥ ከብሮ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ባለሀብት ሆነ። እንግዲህ የአሜሪካ ሕልም የሚባለው፣ ከባዶ ተነሥቶ በላብ መክበር፣ ለትንሹ አርተር ተረት አልነበረም፤ ማታ ማታ ገበታ ላይ አብሮት የሚቀመጥ አባቱ ነበር።

በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ያ ሁሉ ሀብት እንዳልነበረ ሆነ። ቤተሰቡ ብሩክሊን ውስጥ ወደ አንዲት ትንሽ ቤት ወረደ። አርተርም ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት በብስክሌት ዳቦ እያደለ ቤተሰቡን ይደግፍ ጀመር። እኔ እንደሚመስለኝ የሚለር ድርሰት ሁሉ ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አባት ከነግርማው ሲወድቅ ያየ ልጅ፣ ያ ውድቀት የማን ጥፋት እንደሆነ ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ ኖሯል።

ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው በአንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ በሳምንት 15 ዶላር እየተከፈለው ሠራ። በ1934 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። መጀመሪያ ጋዜጠኝነት ነበር የሚያጠናው፤ በ1936 የጻፈው የመጀመሪያ ተውኔቱ የዩኒቨርሲቲውን የሆፕውድ ሽልማት ሲያገኝለት ግን ልቡ ወደ መድረክ አዘነበለ። በ1938 ተመረቀ። መመረቁ እንጀራ አልሆነውም። ለሬዲዮ ድራማ ጻፈ፣ በጦርነቱ ጊዜ በብሩክሊን የባሕር ኃይል መርከብ ጥገና ጣቢያ ሠራ። በ1944 የመጀመሪያ ተውኔቱ ብሮድዌይ ላይ ወጣና አራት ጊዜ ብቻ ታይቶ ወረደ። የተውኔቱ ርእስ ደግሞ «ዕድል ሁሉ የቀናው ሰው» መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል! ሚለር አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ፣ ካልሆነ እተወዋለሁ ብሎ «ልጆቼ በሙሉ» የተሰኘውን ጻፈ። በ1947 ታየ፤ ተሳካለትም።

«የሻጩ ሞት»ን ለመጻፍ ካነሣሡት ሰዎች አንዱ አጎቱ ማኒ ኒውማን ነው። ማኒ ዕቃ ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሻጭ ሲሆን፣ የገዛ ልጆቹን ከነሚለር ጋር ሳያወዳድር አይውልም ነበር። ሚለር በ1987 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ «ልጆቼ በሙሉ» ቦስተን ሲታይ ከማኒ ጋር ቲያትር ቤቱ ውስጥ ይገናኛሉ። ሰውዬው ታዲያ ስለ ተውኔቱ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም የልጁን ስኬት ማውራት ጀመረ። ሚለር የገባው ነገር ቢኖር በዚህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ትናንትና ዛሬ ሳይለያዩ አብረው እንደሚኖሩ ነው። የተውኔቱ ቅርጽ የተገኘው ከዚህ ነው። በ1948 ኮኔቲከት ውስጥ በእጁ በሠራት አንዲት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ገቢር ከሞላ ጎደል በአንድ ቀን ጻፈው፤ የቀረው ስድስት ሳምንት ያህል ወሰደበት። በኤሊያ ካዛን አዘጋጅነት ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1949 ሞሮስኮ ቲያትር ተከፈተ። ሊ ጄ. ኮብ ዊሊ ሎማንን ሆኖ ተጫወተ። ተውኔቱ 742 ጊዜ ታየ፣ የፑሊትዘርንም ሽልማት አገኘ።

ዊሊ ሎማን የ63 ዓመት ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሻንጣ ተሸክሞ የሸጠለት ድርጅት ደመወዙን አንሥቶ እንደ ጀማሪ በኮሚሽን ብቻ ያሠራዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ አስቀምጡኝ ብሎ አለቃውን ሲለምን በሳምንት ከ65 ዶላር ጀምሮ እስከ 40 ይወርዳል፤ ጭራሽ ይባረራል። በመጨረሻ የ20 ሺህ ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ለልጁ እንዲደርሰው ብሎ ራሱን ያጠፋል። የ25 ዓመቱ የቤት ዕዳ ተከፍሎ ያለቀውም ገና በቀብሩ ቀን ነው።

አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ በሥርዓቱ ላይ ይጥሉታል። ነገር ግን ጎረቤቱ ቻርሊ እዚያው ሰፈር፣ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ይኖር የለ? ልጁ በርናርድ በትምህርቱ ገፍቶ ጠበቃ ሆኗል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊከራከር ነው፤ ይህንንም አያወራም። ቻርሊ ለዊሊ ሥራ ልስጥህ ሲለው ዊሊ እምቢ ይላል፤ ገንዘብ ግን በየሳምንቱ ይበደረዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ዊሊን የገደለው መልከ መልካምና ተወዳጅ የሆነ ሰው ሁሉ ያልፍለታል የሚለው እምነቱ ነው። ከዚያም በላይ ልጁን ቢፍን በምኞቱ መነጽር እንጂ እንዳለ ሊያየው አለመፍቀዱ ነው። ቢፍ እኔ ተራ ሰው ነኝ እያለ ሲያለቅስ እንኳ አባትየው የሚያየው ነገ ታላቅ የሚሆነውን ልጅ ነው። ሚለር በዚያው ዓመት በጻፈው መጣጥፍ ተራ ሰውም እንደ ንጉሥ የትራጀዲ ባለቤት መሆን ይችላል ብሎ ተከራክሯል። ሊንዳም ለልጆቿ የምታስረዳው ይህንኑ ነው፤ ባሏ ታላቅ ባይሆንም ሰው ነውና ሊታይ ይገባዋል።

ሚለር በአደባባይ ጽኑ ሰው ነበር። ካዛን በ1952 የጓደኞቹን ስም ለኮንግረሱ ኮሚቴ ሲሰጥ ሁለቱ ተቆራረጡ። ሚለር በ1953 የሳሌምን የጠንቋዮች ፍርድ መነሻ አድርጎ የዘመኑን አደና የሚነካ ተውኔት አቀረበ። በ1956 እሱም ተጠራ፤ ስለ ራሱ መለሰ፣ የሌላ ሰው ስም ግን አልሰጥም አለ። በ1957 ኮንግረስን ደፍሯል ተብሎ ተፈረደበት፤ በ1958 በይግባኝ ተሻረለት። በ1956 ያገባት ማሪሊን ሞንሮ እስከ ኮሚቴው ድረስ ከጎኑ ቆማለች፤ በ1961 ተፋቱ።

ጥያቄዬ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ሚለር በ1962 ፎቶግራፍ አንሺዋን ኢንገ ሞራትን አገባ። በ1966 ዳውን ሲንድሮም ያለበት ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ልጁ ለእንክብካቤ ተቋም ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ይህንኑ ይመክሩ ስለነበር በዚያ ብቻ መፍረድ አይቻልም። እናቱ እየሄደች ትጠይቀው ነበር። ሚለር ግን በሕይወት ታሪኩ ውስጥ፣ አጎቱን ማኒን ሳይቀር በዝርዝር ባነሣበት መጽሐፍ፣ ስለዚህ ልጅ አንዲት መስመር አልጻፈም። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ከሞተ በኋላ በ2007 ነው። በኑዛዜው ግን ከሌሎቹ ልጆቹ እኩል አውርሶታል። ዊሊም ለልጁ የተወለት ገንዘብ ነበር። ቢፍ የፈለገው ግን እንዳለ መታየትን ነው።

ይህ ድርሰቱን ያረክሰዋል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በ1983 ሚለር ቤጂንግ ሄዶ «የሻጩ ሞት»ን ከቻይናውያን ተዋንያን ጋር አዘጋጅቷል፤ ዪንግ ሩዎቼንግ ተርጉሞ ዊሊን ሆኖ ተጫወተ። ዞሮ ሻጭም ሆነ የሕይወት ኢንሹራንስ ባልተለመደበት አገር ተመልካቹ የተረዳው በልጁ ላይ ተስፋውን የጫነ አባትን ነው። ደራሲው በቤቱ ያልተወጣውን ነገር በመድረክ ላይ በትክክል ማየቱ ውሸታም አያደርገውም። ይልቁንስ ያ ዕውርነት በአዋቂም ላይ እንደሚደርስ ያሳየናል።

ሚለር ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2005 በ89 ዓመቱ ኮኔቲከት በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። ዊሊ ሎማን ለመጀመሪያ ጊዜ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ሻንጣውን ይዞ ከገባ ልክ 56 ዓመት በሞላበት ቀን ማለት ነው። ከእንግዲህ ተውኔቱን የምናነብ ተማሪዎች ስለ አሜሪካ ሕልም ብቻ ባንጽፍ ደስ ይለኛል። ቢፍ አባቱን የለመነውንም እንጨምርበት።