ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የንድፈ ሐሳብ ትርጉም

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዓድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በጀርመን አገር ተምረው፣ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው አገልግለዋል። በዘመኑ ከአገር ቡናና ቆዳ እንደሚወጣ፣ በምትኩም የፋብሪካ ዕቃ እንደሚገባ ማንም ያውቅ ነበር። እርሳቸው ግን ንግዱ ስለምን ሕዝቡን እንደሚያደኸይ ጠየቁ። የሀብት ምንጭ በዕውቀት የተደገፈ ሥራ መሆኑን፣ ዕውቀት የጎደለውም ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን በሌላው የጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ አስረዱ።

ንድፈ ሐሳብ ማለትም ይኸው ነው፤ ተበታትኖ የሚታየውን ነገር በምክንያትና በውጤት አስተሳስሮ፣ ራሱን ለፈተና የሚያቀርብ ማብራሪያ። ያለ እርሱ የጉምሩክ አኃዝ ከመዝገብነት አያልፍም።

በ1911 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በ1916 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ሐሳባቸውን የመፈተኑ ተግባር ለተከታዮቻቸው ተላለፈ።