ሼክ ዛይድ፦ አዲስ ዘመን የጀመሩ፣ የቀደመውን ያልቀበሩ መሪ

በየዓመቱ ዲሴምበር 2 ቀን የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በዕድሜዋ ላይ አንድ ዓመት ትጨምራለች። ቆጠራው የሚነሣው ሀገሪቱ ከተመሠረተችበት እ.ኤ.አ. 1971፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከኅዳር 22 ቀን 1964 ነው። የዚያ ዕለት ቀዳሚ ባለ ታሪክ ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ናቸው። ሀገር የመሠረተ ሰው ከእርሱ በፊት የነበረውን ሁሉ እንደ ጨለማ ሊቆጥር ይችላል። የሼክ ዛይድ የሕይወት ጉዞ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ሼክ ዛይድ የተወለዱት በ1918 ገደማ በአቡዳቢ ሲሆን፣ ለሼክ ሱልጣን ቢን ዛይድ ከአራት ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። ስማቸውን የወረሱት ከ1855 እስከ 1909 አቡዳቢን ከመሩት አያታቸው ነው። አባታቸው በ1926 በቤተሰብ መካከል በተነሣ የሥልጣን ግጭት ሲገደሉ ዛይድ ገና ሕፃን ነበሩ። እናታቸው ሼኻ ሰላማ ቢንት ቡጢ፣ በወንድማማች መካከል ደም እንዳይፈስ ልጆቻቸውን ቃል አስገቡ። ለአቡዳቢ የአዲስ ዘመን የመጀመሪያ ቀን የሚባል ካለ፣ ምናልባት ይህ እናት ልጆቿን ያማለችበት ቀን ነው። በ1928 የበኩር ልጃቸው ሼክ ሻክቡጥ ሥልጣን ያዙ፤ ቃሉም ጸና።

በ1946 ዛይድ በአል ዐይንና በአካባቢዋ የገዢው ተወካይ ሆነው ተሾሙ። ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም፤ የባሕረ ሰላጤው የዕንቁ ንግድ ከወደቀ ሰንብቷል፣ ነዳጅም ገና አልተገኘም። የነበረው ቴምር፣ ግመልና ፈለጅ የሚባለው፣ የከርሰ ምድር ውኃ ከተራራ ሥር እስከ እርሻ የሚያደርስ ጥንታዊ ቦይ ነበር። ዛይድ ከሠራተኞች ጋር ወደ ቦዮቹ ወርደው ደለል ያስጠርጉ ነበር። አል ሳሩጅ የተባለውን አዲስ ፈለጅ ለመጨረስ 18 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የመስኖ ውኃ በጥቂት ባለ ሀብቶች እጅ ሆኖ ለድሃው ገበሬ በሰዓት ይሸጥ ስለነበር፣ የራሳቸውን ቤተሰብ ድርሻ በነጻ በመልቀቅ ሥርዓቱን ለወጡት። በ1959 በአል ዐይን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሆስፒታል ሥራ ጀመረ።

በዚያው በ1959 አቡዳቢ አጠገብ በምትገኘው በኡም አን ናር ደሴት የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች ጥንታዊ መቃብሮችን እየቆፈሩ ነበር። ዛይድ ቁፋሮውን ካዩ በኋላ በአል ዐይን አካባቢም እንዲህ ያሉ የድንጋይ ክምሮች እንዳሉ ነግረው ባለሙያዎቹን ጋበዟቸው። በጀበል ሀፊት ግርጌ የተገኙት መቃብሮች 5 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው ታወቀ። በሂሊ ከነሐስ ዘመን የቆዩ መቃብሮችና ሰፈሮች ወጡ፤ ኋላም 3 ሺህ ዓመት የሚጠጋው ፈለጅ ተገኘ። ዛይድ በእጃቸው ሲያስጠርጉት የኖሩት ዓይነት ቦይ በዚያው ምድር ለሺህ ዓመታት የቆየ ሥራ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ነዳጅ በ1958 ተገኝቶ በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ተላከ። ሀብቱ እንዴት ሥራ ላይ ይዋል የሚለው ጥያቄ ከበረታ በኋላ፣ ኦገስት 6 ቀን 1966 በቤተሰቡ ስምምነት ዛይድ በወንድማቸው ምትክ የአቡዳቢ ገዢ ሆኑ። የእናታቸው ቃል የተፈተነው ያን ጊዜ ነው። ደም አልፈሰሰም፤ ሼክ ሻክቡጥ በሰላም ከሀገር ወጡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተመልሰው በ1989 እስኪያርፉ ድረስ በአል ዐይን በክብር ኖሩ።

በጃንዋሪ 1968 ብሪታንያ ከባሕረ ሰላጤው እንደምትወጣ ስታሳውቅ፣ ዛይድ በቀጣዩ ወር በአቡዳቢና በዱባይ ድንበር ላይ ከሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል መክቱም ጋር ተገናኝተው የኅብረቱን መሠረት ጣሉ። ዲሴምበር 2 ቀን 1971 ስድስት ኤምሬቶች በዱባይ ሀገር መሠረቱ፤ ራስ አል ኸይማ በፌብሩዋሪ 1972 ሰባተኛ ሆና ተቀላቀለች። ዛይድም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

ዘመንን እንደ አዲስ መቁጠር በሰው ልጅ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 የወራቱን ስም ለውጠው፣ ሳምንቱንም አሥር ቀን አድርገው አዲስ አቆጣጠር አወጡ፤ በ1806 መጀመሪያ ላይ ተሻረ። ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የዓመት መነሻ ሲያስቀምጡ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነበር። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልደት፣ የመጀመሪያው ወሕይና ኅልፈታቸው በአማራጭነት ከቀረቡ በኋላ የተመረጠው ሒጅራ፣ ማለትም ማኅበረሰብ የተመሠረተበት ጉዞ ሆነ። አረቦች የሚያውቋቸው የወራት ስሞችም ከነሙሐረማቸው ባሉበት ጸኑ። አዲሱ ዘመን አሮጌውን ስም ይዞ ተጓዘ። ከዚያ ሒጅራ በፊት ሶሓቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውና በነጃሺ ጥላ ሥር መጠለላቸውም ከቆጠራው መነሻ በፊት የሆነ ነው ተብሎ አልተረሳም።

የሼክ ዛይድ አካሄድም ለዚህ የቀረበ ነው። ሀገሪቱ ከመመሥረቷ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1968፣ የአካባቢውን ታሪክ የሚሰበስብ የሰነድ ማዕከል አቋቋሙ። የአል ዐይን ሙዚየምም አባታቸው በ1910 ካሠሩት ምሽግ ጎን ተሠርቶ ኅብረቱ በተወለደበት በ1971 ተከፈተ። አዲስ መንገድ፣ ወደብና ከተማ በሚገነባበት በዚያ ጥድፊያ መካከል የጥንት መቃብሮች ድንጋይ ተጠብቆ ቆየ። በ2011 የአል ዐይን ባህላዊ ሥፍራዎች፣ ሀፊት፣ ሂሊና የቴምር ደኖቿ ጭምር፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

ሼክ ዛይድ ኖቬምበር 2 ቀን 2004፣ ረመዳን 19 ቀን 1425 ዓመተ ሒጅራ ዐረፉ። የተቀበሩት በ1996 ግንባታው በተጀመረውና በሕይወት ሳሉ ተጠናቆ ባላዩት፣ በስማቸው በሚጠራው በአቡዳቢው ታላቅ መስጊድ ቅጥር ውስጥ ነው። በየዲሴምበሩ የሀገሪቱ ዕድሜ ሲቆጠር ስማቸው በመጀመሪያ ይነሣል፤ በአል ዐይን ግን ከእርሳቸው በፊት ለሺህ ዓመታት የተቆፈሩት ቦዮች ዛሬም የቴምሩን ሥር ያጠጣሉ።