የቀዶ ሕክምና ውጤት እንዲመዘን የታገሉት ዶክተር ኧርነስት ኮድማን

ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል በእግሩ ከወጣ ሥራው እንደተሳካ ይቆጠር በነበረበት ዘመን፣ ያ ሰው ከዓመት በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ይጣራ የሚል ጥያቄ በማንሳታቸው የሙያ ባልደረቦቻቸውን ያስቆጡት ሐኪም ዶክተር ኧርነስት አሞሪ ኮድማን ናቸው።

ዶክተር ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ተወልደው በ1895 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ገና ተማሪ ሳሉ፣ በኋላ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ስመ ጥር ከሆኑት ከሃርቪ ኩሺንግ ጋር በመሆን ማደንዘዣ የተሰጠው ሕመምተኛ የልብ ምትና አተነፋፈስ በየጊዜው የሚመዘገብበትን ሰንጠረዥ አዘጋጅተዋል። የመመዝገብ ልማዳቸው ከዚያ የጀመረ ይመስላል።

በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሲሠሩ ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንዲት ካርድ ይዘጋጅለታል፤ ሕመሙ፣ የተደረገለት ሕክምና እና ቢያንስ ከአንድ ዓመት በኋላ የተገኘው ውጤት ይሰፍርባታል። ውጤቱ ካላማረ ምክንያቱ ይመረመራል፤ የእውቀት ወይም የክህሎት ማነስ፣ የውሳኔ ስህተት፣ የመሣሪያ ጉድለት፣ የምርመራ ስህተት ወይስ ሐኪም ሊያሸንፈው የማይችል በሽታ?

የዛሬ ሐኪም የቀዶ ሕክምና ጥናት ሲያነብ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ከዚህ ብዙም አይርቁም። ስንት ሰው ታከመ? ስንቱ እስከ መጨረሻው ተከታትሎ ተገኘ? የጠፉት የት ደረሱ? ውጤቱንስ የፈረደው ራሱ የቀደደው ሐኪም ነው ወይስ ሌላ? መቶ ሰው ታክሞ ስልሳው ብቻ ከተገኘ፣ የቀሩት አርባ ሰዎች የጥናቱን ድምዳሜ ሊገለብጡት ይችላሉ።

ዶክተር ኮድማንን ከሆስፒታሉ ጋር ያጋጫቸው ግን ካርዷ ብቻ አልነበረችም። በዚያን ጊዜ የሐኪሞች ዕድገት የሚሰጠው በአገልግሎት ዘመን ስለነበር፣ በውጤት መሆን አለበት በማለት በ1914 ሥራቸውን በተቃውሞ ለቀቁ፤ ወዲያውም ውጤቴ ከሌሎቹ ይበልጣል ሲሉ ለዋና ቀዶ ሐኪምነት አመለከቱ። በጥር 1915 በመሩት የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ደግሞ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ የወርቅ እንቁላሎቿን ለሐኪሞች የምትወረውር ሰጎን የሚያሳይ ትልቅ የካርቱን ሥዕል ገለጡ። ሰጎኗ የከተማዋ ባለጸጎች ምሳሌ ነበረች። ከፍተኛ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ የስብሰባ መሪነታቸውንም በሃርቫርድ የነበራቸውንም የማስተማር ሥራ አጡ። ስድቡ ባይጨመርበት ሐሳባቸው ቶሎ ይሰማ ነበር የሚል ሰው አይሳሳትም።

ዶክተር ኮድማን ሌላውን የጠየቁትን በራሳቸው ላይም ፈጽመዋል። በ1911 በከፈቱት አነስተኛ የግል ሆስፒታል እስከ 1916 ድረስ ከታከሙት 337 ሕሙማን ጋር በተያያዘ 123 ስህተቶችን መዝግበው፣ የራሳቸውንም ሳይደብቁ በጽሑፍ አሳትመዋል። ስህተቱን በአደባባይ የሚያትም ሐኪም ዘንድ ለመታከም የሚደፍር ብዙ አይደለምና ሆስፒታሉ ብዙ አልቆየም።

በምሥረታው የተሳተፉበት የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1919 ባደረገው ፍተሻ ከ692 ሆስፒታሎች ዝቅተኛውን መመዘኛ ያሟሉት 89 ብቻ ሆነው ተገኙ። የሆስፒታሎቹ ስም ዝርዝር ለጋዜጠኞች እንዳይደርስ በመሰጋቱ በኒውዮርክ በሚገኝ ሆቴል ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ።

ዶክተሩ በ1920 ገደማ የአጥንት ካንሰር ሕሙማን መዝገብ አቋቋሙ። የራጅ ፊልም፣ የሥጋ ናሙና እና የሕመምተኛው የኋላ ታሪክ በአንድነት ስለሚቀመጡ፣ አንድ ሐኪም ካንሰሩን አዳንኩ ቢል መጀመሪያውኑ ካንሰር መሆኑን ሌሎች ሐኪሞች መርምረው ሊያረጋግጡ ቻሉ። በ1934 ደግሞ ስለ ትከሻ ሕመም የጻፉት ሰፊ መጽሐፍ ታተመ።

ዶክተር ኮድማን በ1940 አረፉ። በኬምብሪጅ ማሳቹሴትስ በሚገኘው የማውንት ኦበርን መካነ መቃብር ያረፉበት ስፍራ ከ70 ዓመታት በላይ ያለ ምልክት ከቆየ በኋላ፣ በ2014 የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጁና ሌሎች የሙያ ማኅበራት ስማቸው የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ አቁመውላቸዋል።