የፀሐይን ብርሃን የመረመረው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር

በቡሌ ሆራ ዝናም አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ቀስተ ደመና ይታያል። ከዚህም የፀሐይ ብርሃን ነጭ ቢመስል ብዙ ቀለማት እንዳሉበት እንረዳለን። ይህን ብርሃን አጥብቀው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ነው።

ዮሴፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1787 ዓ.ም. በጀርመን አገር በስትራውቢንግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመስተዋት ሠራተኛ ነበረ። ልጁ ገና 11 ዓመት ሲሆነው እናትና አባቱ ሞተውበት ነበር። ስለዚህ የመስተዋት ሥራ እንዲማር በሙኒክ ከተማ ለአንድ ባለሞያ ተሰጠ። ጌታው ግን መጽሐፍ እንዳያነብ ይከለክለው ነበር።

በ1801 ዓ.ም. የጌታው ቤት ፈረሰ፤ ልጁም ከፍርስራሹ በታች ተቀበረ። ሰዎች ለብዙ ሰዓት ቈፍረው በሕይወት አወጡት። የአገሩ ገዥ ማክሲሚልያንም አዝኖለት ገንዘብ ሰጠው። ዮሴፍ ገንዘቡን በከንቱ አላጠፋም፤ መጻሕፍትና የመስተዋት መሥሪያ መሣሪያ ገዛበት።

በ1814 ዓ.ም. የፀሐይን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ አስገብቶ፥ ሦስት ማዕዘን ባለው ብርጭቆ አሳልፎ፥ በመነጽር ተመለከተው። በቀለማቱም መካከል ብዙ ጥቋቍር መስመሮችን አየ። ምን እንደ ሆኑ አላወቀም፤ ነገር ግን ንቆ አልተዋቸውም፤ ያላወቀውንም እንዳወቀ አድርጎ አልተናገረም። በትዕግሥት ቈጥሮ 574 አገኘ፤ ስፍራቸውን በሥዕል አሳየ፤ ዋና ዋናዎቹንም በፊደል ሰየመ። ምስጢራቸውን ሳያውቅ በ1826 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ ሞተ።

በ1859 ዓ.ም. ኪርሖፍና ቡንዘን የሚባሉ ሊቃውንት ምስጢሩን ገለጡት። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን የብርሃን ክፍል ውጦ ስለሚያስቀር፥ በጐደለው ብርሃን ቦታ ጥቁር መስመር ይታያል። ዮሴፍ ኤ እና ቢ ብሎ የሰየማቸው መስመሮች በምድራችን አየር ካለው ኦክሲጅን የሚመጡ ናቸው።

በዚሁ ጥበብ በአዲስ አበባ በ2009 ዓ.ም. አንድ መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያውም ከቀይ ቀለም ወዲያ ያለውን፥ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ፥ በሰማይ ያለውን የኦዞን ጋዝ ለካ። ኦዞን እጅግ ጥቂት ሳለ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ይጠብቀናል። ማንም ወደ ሰማይ ሳይወጣ፥ በጐደለው ብርሃን የጋዙ ልክ ይታወቃል።

ልጆች ሆይ፥ ዮሴፍ ያልገባውን ነገር በእውነት ጽፎ ስላኖረ ሌሎች ተጠቀሙበት። እናንተም ስታነቡ የማይገባችሁ ቃል ቢያጋጥማችሁ ዘልላችሁ አትለፉት፤ ጻፉት፥ ጠይቁም።