ጆርጅ ከርዘን

ጆርጅ ናታኒየል ከርዘን (ጃንዩዌሪ 11 ቀን 1859 – ማርች 20 ቀን 1925 እ.ኤ.አ.) ከመኳንንት ወገን የተወለዱ የብሪታኒያ ፖለቲከኛ ነበሩ። ከ1899 እስከ 1905 የሕንድ እንደራሴ፣ ከ1919 እስከ 1924 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። የብሪታኒያን አገዛዝ በሕንድ ለማጽናት እጅግ ቢደክሙም፣ ቤንጋልን ለሁለት መክፈላቸው አገዛዙን የሚቃወመውን ንቅናቄ አበረታው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያ ሕይወት

ከርዘን በእንግሊዝ አገር በደርቢሸር በሚገኘው በኬድልስተን የቤተሰባቸው ርስት ተወለዱ። የባሮን ስካርስዴል የበኩር ልጅ ነበሩ። በኢተን ትምህርት ቤትና በኦክስፎርድ ባሊዮል ኮሌጅ ተማሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በጀርባ ሕመም ይሠቃዩ ስለነበር ወገባቸውን በድጋፍ ታስረው ይኖሩ ነበር። ሆኖም ወደ መካከለኛው እስያ፣ ፋርስ፣ አፍጋኒስታንና ሩቅ ምሥራቅ ረጅም ጉዞ አደረጉ፤ በ1892 ስለ ፋርስ ያሳተሙት ሰፊ መጽሐፍም በእስያ ጉዳይ አዋቂ አሰኛቸው። በ1886 በወግ አጥባቂው ፓርቲ ስም የምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1895 የቺካጎ ባለጸጋ ልጅ የሆነችውን ሜሪ ላይተርን አገቡ።

የሕንድ እንደራሴ

በጃንዩዌሪ 1899 ሥልጣኑን ሲረከቡ ገና 40 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ፖሊስን፣ መስኖን፣ የባቡር መንገድንና ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከቱ ለውጦችን አካሄዱ፤ በ1901 የሰሜን ምዕራብ ድንበር ክፍለ ሀገርን አቋቋሙ፤ በ1903 ደግሞ ጦር ወደ ቲቤት ላኩ። ታጅ ማሃልን አስጠገኑ፤ የ1904 የጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ ሕግም በእርሳቸው ዘመን ወጣ።

ቤንጋል ከ70 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስለነበረባት ከርዘን ለአስተዳደር አትመችም ብለው በኦክቶበር 1905 ለሁለት ከፈሏት። በምሥራቁ ክፍል ሙስሊሞች ስለሚበዙ፣ ብዙ ቤንጋሎች ይህን ሕዝቡን በሃይማኖት ከፋፍሎ የመግዛት ዘዴ ነው አሉ። የእንግሊዝን ጨርቅ ላለመግዛትም ተማማሉ፤ ተቃውሞው «ስዋዴሺ» በሚል ስም ተስፋፋ። ክፍፍሉ በ1911 ተሻረ።

ከርዘን ግን ይህን ሁሉ በሥልጣን ላይ ሆነው አላዩም። ሠራዊቱን ማን ይቆጣጠር በሚለው ጉዳይ ከጦር አዛዡ ከሎርድ ኪችነር ጋር ተጣልተው፣ ለንደን ለኪችነር ስላደላች በኦገስት 1905 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1906 ባለቤታቸው ሞተችባቸው።

የኋለኛው ዘመን

በ1907 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኑ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በጦርነቱ ካቢኔ አገለገሉ። በ1917 ብሪታኒያ ሕንድን ደረጃ በደረጃ ወደ ራስ አስተዳደር እንደምታደርስ የገባችውን ቃል በማርቀቅም ተካፈሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ በ1920 ለፖላንድና ለሶቪየት ሩሲያ ወሰን የቀረበው መሥመር «የከርዘን መሥመር» ተባለ። በ1922 እና 1923 በሎዛን ጉባኤ ከቱርኩ ኢስሜት ፓሻ ጋር ተደራደሩ።

በሜይ 1923 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦናር ሎው ታመው ሲለቁ፣ ከርዘን ቦታው ለእኔ ነው ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ግን ስታንሊ ቦልድዊንን መረጡ። ከርዘን የጌቶች ምክር ቤት አባል መሆናቸው ለዚህ አንዱ ምክንያት ነበር። ቅር ቢላቸውም ቦልድዊን የፓርቲው መሪ እንዲሆኑ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ፤ በሥራቸውም አገለገሉ።

በ1925 በ66 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ አረፉ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የማርኲስ ማዕረጋቸው በሞታቸው ተቋረጠ። ገዝተው ያሳደሷቸውን የቦዲያምና የታተርሻል ግንቦች ለሕዝብ ተናዘዙ።