ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአራዳ ሜዳ እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መንበር

ለመስቀልና ለአረፋ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ እንሴኖና ወደ ወልቂጤ የሚመለሰው የአካባቢያችን ተወላጅ ከሚያመጣው ስጦታ ጋር የስታዲየም ክርክሩንም ይዞ ይመጣል። ወንድማማቾች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ ለቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሌላው ለኢትዮጵያ ቡና ይሟገታል። የሁለቱ ክለቦች ግጥሚያ፣ ሸገር ደርቢ እየተባለ የሚጠራው፣ ሲቃረብ ደግሞ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጥያቄ ያመራል፤ እንዲህ ባለው ቀን በወጣቶች ጉልበት ይታመናል ወይስ በነባሮቹ ልምድ? ወልቂጤ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ካደገ ወዲህ ይኸው ጥያቄ በራሳችን ከተሞችም የቡና ሰዓት ወሬ ሆኗል።

ይህን ክርክር በሕይወታቸው ከሁሉም አቅጣጫ የኖሩት አንድ ሰው ነበሩ። በአንድ ማሊያ 23 ዓመት ተጫውተዋል፤ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነው ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተዋል፤ በኋላም የአህጉሩን እግር ኳስ ለ15 ዓመት መርተዋል። እኚህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዘፈናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የመኪና ሙያ ተምረዋል፤ በዚያው አገርም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ እንደሆኑ ይታወቃል። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ለነጋዴ አገር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ልጁ ከአባታቸው የወረሱት ግን ንግዱን አልነበረም፤ በብዙ ሰው ፊት ቆሞ የመናገርንና የማሳመንን ተሰጥዖ ነበር። ይህ ተሰጥዖ ከግብ አግቢነታቸው ይልቅ ለአገራቸው የበለጠ ሳይጠቅም አልቀረም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ታዳጊ ነበሩ። ክለቡን ያቋቋሙት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ቡድኑ በእግሩ ሳይቆም፣ ወራት እንኳ ሳይቆጠሩ፣ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ኳስ መጫወትን ባይከለክልም እንዴትና ከማን ጋር የሚለውን ግን በራሱ እጅ አደረገ። ጥቁሩ ከነጩ ጋር እንዳይጋጠም ተከለከለ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቡድኖችም ስማቸው ተለወጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የፋሽስቱን ምልክት የተሸከመ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር የሚል ስም ተለጠፈበት። አንድ ወጣት ተጫዋች የሚወደው ክለብ ስሙ ተነጥቆ፣ ከሌላው ሰው እኩል ሜዳ እንዳይወጣ ተከልክሎ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አያዳግትም። የኋላ ዘመን ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ቁጭት እንደመነጨ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ክለቡም ስሙን መለሰ። በከተማው የነበሩት የውጭ ማኅበረሰቦች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ይጠቀሳሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፎርቲቱዶ ጋር የሚገጥምበት ቀን ከተራ ጨዋታ በላይ ነበር። ትናንት በአንድ ሜዳ አትገኙም የተባሉት ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ፣ በእኩል ቁጥር ተሰልፈው ይተያዩ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የደርቢ ስሜት በአዲስ አበባ ምድር ሥሩን የጣለው በዚያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቆየት ብሎም የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻል በ1940ዎቹ ዋንጫውን ደጋግሞ በማንሣት ለጊዮርጊሶች ሌላ ብርቱ ተቀናቃኝ ሆነ።

ይድነቃቸው አጥቂ ነበሩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ 365 ጨዋታ አድርገው 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ይጠቀሳል። በዚያ ዘመን የጨዋታ መዝገብ እንደዛሬው በጥንቃቄ ይያዝ እንዳልነበር የሚያውቅ ሰው በቁጥሩ ትንሽ ሊጠራጠር ይችላል፤ ነገር ግን ግማሹ ቢቀነስ እንኳ የሚቀረው ለአንድ አጥቂ ከበቂ በላይ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950ዎቹ መባቻ ላይ ሲሆን፣ በእነዚያ 23 ዓመታት ሌላ ክለብ አልለወጡም።

የሚያስደንቀው ግን በተጫዋችነታቸው ወቅት ሌላም ሥራ ይሠሩ የነበሩ መሆናቸው ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ ደንብ ሲረቀቅ፣ አገሪቱ የፊፋ አባል ስትሆን፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ተመሥርቶ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ በሁሉም ውስጥ የእሳቸው እጅ ነበረበት። ቅዳሜ ግብ አግብቶ ሰኞ በቢሮ ወንበር ደንብ የሚያረቅቅ ሰው ዛሬ ብናይ የጥቅም ግጭት ነው ብለን እንጮህ ነበር። ያኔ ግን ሥራው ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት ነበር።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ ይድነቃቸውም ከኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ወዲያውም ፈተና መጣ። የአፓርታይዱ መንግሥት ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንደማይልክ አስታወቀ። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህንን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜው ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው ኤል ዲባ የተባለው ግብፃዊ አጥቂ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫም ግብፆች በድጋሚ 4 ለ 0 አሸነፉ። በሁለቱ ዋንጫዎች ግብፆች ስምንት ግብ አግብተውብን እኛ አንድም አላገባንም።

ሦስተኛው ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ብሔራዊ ቡድኑን እንዲያሠለጥኑ ኃላፊነቱ የተጣለው በይድነቃቸው ላይ ነው። የመረጡት ቡድን የነባርና የወጣት ድብልቅ ነበር። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የካይሮውን ሽንፈት የቀመሰ፣ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ክለብ ምሰሶ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም ከጎኑ ተሰልፏል። በአጥቂ መስመር ወጣቱ የጊዮርጊስ ልጅ መንግሥቱ ወርቁና ግርማ ተክሌ ነበሩ፤ ግብ ጠባቂው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። በሌላው ወገን ግብፅ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው የዓረብ ሪፐብሊክ፣ ኡጋንዳን 2 ለ 1 ረታች። እንግዲህ ያው ተቀናቃኝ ለሦስተኛ ጊዜ ፊት ለፊት መጣ።

ከፍጻሜው በፊት ግን ከሜዳ ውጭ አንድ ፈተና ተነሣ። ሉቻኖ የተወለደው በአሥመራ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢጣልያዊ ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበል የኢጣልያ ስም ያለው ሰው ሊሆን አይገባም፣ የአምበልነቱ ምልክት ለሌላ ይሰጥ ያሉ ሹማምንት እንደነበሩ ይነገራል። ፋሽስት ከአገር ከወጣ ገና ሃያ ዓመቱ ነበርና ስሜቱ ከየት እንደመጣ መረዳት ይቻላል። ይድነቃቸው ግን አልተስማሙም። በዘር ምክንያት ክለባቸው በሜዳ የተከለከለባቸው ሰው፣ በዘር ምክንያት የራሳቸውን አምበል ሊያወርዱ አልፈቀዱም። ሉቻኖ አምበል እንደሆነ ወደ ሜዳ ገባ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የሆነውን አባቶቻችን ደጋግመው ይተርኩታል። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ ግብ መሩ። የእኛ ቡድን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲታገል ቆይቶ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ወዲያው በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ እንደገና አገባ። ብዙ ቡድን የሚሰበረው እንዲህ ባለው ቅጽበት ነው፤ ለአንድ ሰዓት የተለፋበት በአንድ ደቂቃ ሲፈርስ። የነባር ተጫዋች ጥቅም የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ ሊያወርዱት የፈለጉት አምበል ሉቻኖ ሁለተኛውን ግብ አስቆጠረ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለሉቻኖ አስረከቡ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የይድነቃቸው ሜዳ ሰፊ ሆነ። ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ ራሱን የቻለ ቦታ ነፈገ፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ አንድ ቦታ እንዲሻማ ወሰነ። ይድነቃቸውና የጋናው የስፖርት መሪ ኦሄኔ ጃን አፍሪካ ከውድድሩ በሙሉ እንድትወጣ ሐሳብ አቀረቡ፤ አገሮቹም ተስማሙ። አንድም የአፍሪካ ቡድን በዚያ ዋንጫ አልተጫወተም። ለአንድ ትውልድ ተጫዋቾች ዋጋው ከባድ ነበር፤ ሉቻኖና መንግሥቱን የመሰሉ ሰዎች በጉብዝናቸው ወራት የዚያን ዓለም ዋንጫ በር ሳያንኳኩ ቀሩ። ሆኖም ፊፋ ተሸነፈ፤ በ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ተሰጠ፤ ሞሮኮም ሄደች። በ1974ቱ የስፔን ዋንጫ ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ተሰለፉ። ያን ጊዜ የካፍ ፕሬዚዳንት ራሳቸው ይድነቃቸው ነበሩ። መንበሩን በ1964 ዓ.ም. ተረክበው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘውታል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ።

የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ግን ከሁሉ በላይ ያደክማቸው ነበር። ፊፋ አገሪቱን መጀመሪያ አግዶ፣ በ1955 ዓ.ም. እገዳውን አንሥቶ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ መልሶ አገዳት። ይህ ወዲያና ወዲህ ማለት የቆመው ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው ጉባኤ በጉባኤ፣ ድምፅ በድምፅ ስለተሟገቱ ነው። በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጭራሽ ተባረረች።

በአስተዳደራቸው የማይደራደሩ ሰው ነበሩ። የሲጋራና የአልኮል ማስታወቂያ ወደ አፍሪካ ውድድሮች እንዳይገባ፣ ገንዘቡ ቢያስፈልግም፣ ተቃውመዋል። ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውንም አልወደዱትም። ይህኛው አቋማቸው ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ያስኬዳል ለማለት ይቸግራል፤ የልጆቹ እንጀራ ያለው እዚያ ነውና። ከሜዳችን ችሎታ እየተለቀመ ሲሄድ የሚቀረን ምንድን ነው የሚለው ሥጋታቸው ግን መልስ አላገኘም።

ንጉሡ ወርደው ደርግ ቢመጣም በቦታቸው ቀጠሉ። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስታስተናግድ ባለቤትም እንግዳ ተቀባይም ሆነው ተገኙ። አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ 66ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ አረፉ። በመንበሩ ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ተተኩ።

ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም አቀፍ እግር ኳስ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ቱኒዚያን በፍጻሜ 2 ለ 0 አሸነፈች። ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ የቡድኑን ማሊያ ለብሰው በተገኙበት ስታዲየም፣ ጥቁሩና ነጩ በአንድነት የተሰለፉበትን ቡድን ወክሎ ዋንጫውን ከፍ ያደረገው አምበል ኒል ቶቪ የተባለ ነጭ ተከላካይ ነበር።