ሴዝ ግሪንና የኦንታርዮ ሐይቅ ዓሦች

በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ወሰን ላይ የሚገኘው የኦንታርዮ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 19,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከፍተኛ ጥልቀቱ 244 ሜትር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ በዚህ ሐይቅ ላይ ብዙ ትናንሽ ጀልባዎች በዝግታ ሲመላለሱ ይታያሉ። በጀልባዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ለመዝናናት የወጡ ናቸው፤ ማንኪያ የመሰለ አብረቅራቂ ማባበያ በረጅም ክር ከኋላቸው እየጎተቱ ሳልሞንና ትራውት የተባሉትን ዓሦች ያጠምዳሉ። ትሮሊንግ የሚባለው ይህ ዘዴ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ዓሣው በየትኛው ጥልቀት እንዳለ ማወቅንና ማባበያውን በዚያው ጥልቀት ማቆየትን ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ቀደምት መልሶች አንዱ በሴዝ ግሪን ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ግሪን ዝናን ያተረፈው ዓሣ በማጥመዱ ብቻ ሳይሆን፣ ይበልጡን ዓሣ በማራባቱ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪን ማርች 19 ቀን 1817 በኒውዮርክ ግዛት በሮቸስተር አካባቢ ተወለደ። ያደገውም የጄነሲ ወንዝ ወደ ኦንታርዮ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት በሚወርድባቸው ፏፏቴዎች አጠገብ ነው። በዚያን ጊዜ የፏፏቴዎቹ ኃይል የብዙ ወፍጮዎችን መዘውር ያዞር ስለ ነበር ከተማይቱ በዱቄት ምርት የታወቀች ነበረች። የግሪን የትምህርት ቤት ቆይታ አጭር ነበር፤ አብዛኛውን እውቀቱን የቀሰመው ከወንዙና ከሐይቁ ነው። ለአካለ መጠን እንደ ደረሰም ዓሣ ማስገርን መተዳደሪያው አደረገ፤ ከዚያም የዓሣ ነጋዴ ሆነ፤ ሰዎችም ቀጥሮ መረብ ያስጥል ጀመር። በመሆኑም ኋላ ሊተካው ዕድሜውን ሙሉ የደከመለትን ሀብት በወጣትነቱ ካሟጠጡት እጆች መካከል የእርሱም እጅ ነበረበት።

በ1830ዎቹ መጨረሻ ገደማ ግሪን በሐይቁ የካናዳ ዳርቻ ሳለ ሳልሞኖች እንቁላል ሲጥሉ ተመለከተ። እንስቲቱ በጅራቷ ጠጠሩን እየቆፈረች ጎድጓዳ ስፍራ ታዘጋጃለች፤ እንቁላሉ ወርዶ ወንዴው ዘሩን ካፈሰሰበት በኋላም በጠጠር ትሸፍነዋለች። ግሪን ግን ከዚህ ሥርዓት ይልቅ ያስደነቀው ጥፋቱ ነበር፤ ሌሎች ዓሦች ከበው እየጠበቁ እንቁላሉን ወዲያው ይበሉት ነበርና። እንቁላሉ ከነዚህ ጠላቶች ቢጠበቅ ምን ያህሉ ሊፈለፈል ይችል ይሆን የሚለው ሐሳብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከልቡ አልወጣም።

ሐሳቡ በሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ግን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አለፈ። በዚህም መካከል ወደ ሐይቁ የሚፈሱት ወንዞች ተለወጡ። ለወፍጮና ለእንጨት መሰንጠቂያ የተሠሩት ግድቦች ሳልሞኑ ወደ መራቢያው የሚወጣበትን መንገድ ዘጉ፤ ሰጋቱራው የጠጠሩን ወለል ሸፈነ፤ ደኑ በመመንጠሩም የጅረቶቹ ውሃ ሞቀ፣ ደፈረሰም። በዚህ ላይ የመረቡ ብዛት ሲታከልበት፣ ቀድሞ ወንዙን ይሞላ የነበረው የአትላንቲክ ሳልሞን ዓመት በዓመት እየመነመነ ሄደ።

ግሪን በ1864 ካሌዶኒያ በተባለች መንደር፣ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም በማይለዋወጥ የምንጭ ውሃ አጠገብ የዓሣ ማስፈልፈያ አቋቋመ። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው ልማድ እንቁላሉንና የወንዴውን ዘር ብዙ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ መቀላቀል ነበር። ግሪን ግን ውሃው ባነሰ መጠን የሚዳብረው እንቁላል እንደሚበዛ ከሙከራ ተረዳ። ምክንያቱም የዓሣ ዘር ውሃ ከነካው በኋላ በሕይወት የሚንቀሳቀሰው ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እንቁላሉም ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ የዘሩ መግቢያ ቀዳዳ ይዘጋል። በዚህም ዘዴ አብዛኛው እንቁላል ተፈለፈለለት።

በ1867 በኮኔቲከት ወንዝ ላይ፣ ከባሕር ወደ ወንዝ እየወጣ የሚራባውን ሻድ የተባለ ዓሣ ለማራባት ተጠራ። የሻድ እንቁላል ያለማቋረጥ ካልተንቀሳቀሰ ስለሚበላሽ፣ ግሪን ወለሉ የሽቦ ወንፊት የሆነ ተንሳፋፊ ሣጥን አሠራ፤ ሣጥኑም ዘንበል ብሎ እንዲንሳፈፍ አደረገ። በዚህ ጊዜ ወንዙ ራሱ በወንፊቱ በኩል እየገባ እንቁላሉን ያገላብጠው ጀመር። ያለ ሞተርና ያለ ሠራተኛ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጫጩቶች ተገኙ። የኒውዮርክ ግዛት በ1868 የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ሲያቋቁም ግሪን ከሦስቱ ኮሚሽነሮች አንዱ ሆነ፤ ቀጥሎም ሥራውን በበላይነት እንዲመራ ተሾመ። በ1871 ደግሞ የሻድ ጫጩቶችን በወተት ማመላለሻ ጣሳ አድርጎ፣ በየጣቢያው ውሃ እየለወጠ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በተጠናቀቀው የምሥራቅ-ምዕራብ የባቡር ሐዲድ ካሊፎርኒያ አደረሰ። በሳክራሜንቶ ወንዝ የተለቀቁት ወደ 10,000 ያህል ጫጩቶች ለምዕራቡ ጠረፍ የሻድ ዘር መሠረት ሆኑ።

በስሙ የሚጠራው የማጥመጃ ዘዴም እንደዚሁ ከውሃው ጠባይ የመነጨ ነው። በሞቃት ወራት የጥልቅ ሐይቅ ውሃ በሙቀቱ ልክ ይደራረባል፤ ሞቃቱና ቀላሉ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይሆናል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድደው ትራውትም ላዩ ሲሞቅ ወደ ታች ይወርዳል። በግሪን ዘዴ አንድ ጠንካራ ክር ጫፉ ላይ ከባድ እርሳስ ታስሮበት ይወርዳል፤ በክሩ ላይ በተወሰነ ርቀት አምስት ያህል ቅርንጫፍ ክሮች ይያያዛሉ፤ በየቅርንጫፉም ጫፍ ማባበያ ይንጠለጠላል። ጀልባው በዝግታ ሲቀዘፍ ማባበያዎቹ በተለያየ ጥልቀት ይጓዛሉ፤ ዓሣ የያዘው ቅርንጫፍም መንጋው ያለበትን ጥልቀት ያመለክታል። ስለዚህም መሣሪያው ማጥመጃ ብቻ ሳይሆን መለኪያም ጭምር ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ጀልባዎች ላይ ከበሮ፣ የሽቦ ገመድና ከባድ ኳስ ያለው መሣሪያ ቢተካውም፣ ከኦንታርዮ ሐይቅ በስተደቡብ ባሉት ጠባብና ጥልቅ ሐይቆች የግሪንን ዘዴ የሚጠቀሙ አሁንም አሉ።

የግሪን ሥራ በዚህ ሁሉ ቢሳካም በገዛ ሐይቁ ላይ ግን አልሰመረም። ከካሊፎርኒያ በመጣ እንቁላል የሳልሞን ዘር በታላላቆቹ ሐይቆች ለመትከል በ1870ዎቹ የተደረገው ሙከራ አልጸናም። የአገሩ ሳልሞንም ግሪን ኦገስት 20 ቀን 1888 ሲሞት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ በምዕት ዓመቱ መጨረሻ ገደማም ከሐይቁ ጠፋ። ማስፈልፈያው ጫጩት መስጠት ይችል ነበር፤ የተዘጋ ወንዝ መክፈትና የሞቀ ጅረት ማቀዝቀዝ ግን አልቻለም።

ሳልሞን ወደ ሐይቁ የተመለሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፓስፊክ ጠረፍ በመጡ ዘሮች ነው። ይህም የጸናው ሐይቁ ኤልዋይፍ በተባለ ትንሽ ዓሣ ተሞልቶ ስለ ነበርና፣ ከ1971 ጀምሮም የዓሣ ደም መጣጭ የሆነው ላምፕሬይ በመድኃኒት ስለ ተቀነሰ ነው። የዛሬው መዝናኛ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የኤልዋይፍ ነገር ግን ግሪንንም ይነካዋል። ይህ ዓሣ በሐይቁ መኖሩ የታወቀው በ1870ዎቹ ሲሆን፣ ግሪን ካስገባቸው የሻድ ጫጩቶች ጋር ሳይታወቅ ተደባልቆ ገባ የሚሉ አሉ፤ በመርከብ ቦይ መጣ ወይም ከጥንትም ነበረ የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም። ኤልዋይፍ ለፓስፊኩ ሳልሞን ሲሳይ ቢሆንም፣ በሰውነቱ ውስጥ ቪታሚን ቢ 1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለ፤ በዚህም ምክንያት እርሱን የሚመገበው የአትላንቲክ ሳልሞን ጫጩቶቹ በቪታሚን እጦት ይሞቱበታል። ጥንት የጠፋውን ዘር ለመመለስ የሚደረገው ጥረት እስከ ዛሬ ከሚገጥሙት እንቅፋቶች አንዱም ይኸው ነው።

የካሌዶኒያ ማስፈልፈያ ዛሬም ይሠራል። በኦንታርዮ ሐይቅ ከሚጠመደው ሳልሞን ከፍ ያለው ክፍልም በየዓመቱ በሰው እጅ ተፈልፍሎ የሚለቀቅ ነው። ይህ በአንድ በኩል ለግሪን ጥበብ ሐውልት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ዕዳው ገና ተከፍሎ እንዳላለቀ ያሳያል። የወፍጮ ግድቦቹን የሠሩት ሰዎች በሒሳባቸው ውስጥ ያስገቡት የውሃውን ከፍታና የመዘውሩን ኃይል ነበር፤ በወንዙ የሚያልፈውን ዓሣ ግን አላስገቡትም። የግድቡ ወጪ በጥቂት ዓመታት ተከፈለ፤ ያልተመዘገበው ወጪ ግን አንድ ብርቱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከከፈለ በኋላ እንኳ ለተከታዮቹ ተርፏል።